አባዬን ሰነፍ ያለው ሰዓት

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንደምን አለች? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አበቀለች ወይ? አሁንስ ታስተኛችኋለች? ወገቤን ይይዘኛል ያልከው እንዴት ሆነልህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ በቃሌ ነው፤ መልሱንም በቃልህ እፈልገዋለሁ። ስንት እርምጃ እንደሄድክ፣ ልብህ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ እንዳትጽፍልኝ። እኛ ተመስገን፣ አለን። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። አባዬም አለ። እንዴት እንዳለ ግን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት ትል ይሆናል። በስልክ አልቻልኩህማ! እኔ አንድ ነገር ሳልጨርስ አንተ ሦስት ታስረዳኛለህ። ስልኩን ስዘጋ የተናደድኩበትን ነገር ረስቼ፣ አንተን አመስግኜ እገኛለሁ። ወረቀት አያቋርጡትም። ከፈለግህ ቅደደው፤ ግን አንብበህ ነው የምትቀደው። ሰባት ዓመት የምበልጥህ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ እህትህ ነኝና ይህን ያህል መብት አለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ የምታውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። አባዬ አናጢነቱን በተወ በሁለተኛው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ተንቀሳቀስ አሉት። ትንሽ ነው ያሉት። በቀን ግማሽ ሰዓት ቀስ እያልክ ተራመድ፣ በቃ። ይህን በስልክ የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ምነው ያን ቀን ምላሴ በተያዘ! ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ እርምጃና የልብ ምት የሚቆጥረው ጥቁሩ ሰዓት ካለህበት አገር በሰው እጅ መጣ። አባዬ አርባ ዓመት ሙሉ መጋዝ ይይዘዋል እያለ እጁ ላይ ምንም ነገር አስሮ አያውቅም። ያንተን ግን ዕለቱኑ አሰረው። የአንተን ስልክና የእሱን ስልክ እንዴት እንደምናገናኝ አንድ ሙሉ ከሰዓት አስተማርከን። ከዚያ በኋላ ላገኘው ሰው ሁሉ እጁን እየዘረጋ «ልጄ እዚያ ሆኖ ልቤን ያያል» ይል ጀመር። የግቢያችን ዘበኛ ብቻ እንኳ አምስት ጊዜ ሰምቶታል።

ከዚያ ፕሮግራም ያልከውን ላክህ። መራመድ የሥራ ፈት ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው አልክ። አጭርና ከባድ ይሁን አልክ። አንድ ደቂቃ ያለ የሌለ ኃይልን አውጥቶ መሥራት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና አንድ ደቂቃ፤ አሥር ጊዜ። መሣሪያ ስለሌለን በሁለት እጁ አሥር አሥር ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዞ ደረጃችንን እንዲወጣና እንዲወርድ ያዘዝከው አንተ ነህ። እኔ የምሰፋባት ክፍል ከደረጃው ሥር መሆኗን ታውቃለህ። ስለዚህ ሁሉንም እሰማው ነበር፤ የውሃውን መናጥ፣ የጫማውን መጎተት፣ ትንፋሹን። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ስለቀው ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ስረግጠው ይጠፋል። አንዳንዴ እንዳልሰማ ብዬ እረግጠው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ለአንተ ጻፍኩት።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ትደውላለህ። የመጀመሪያው ሳምንት «በርታ» ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ድምፅህ ተለወጠ። «አባዬ፣ ልብህ እኮ መቶ አራት ላይ ነው የቆመው። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራ ሰው ልብ ከዚያ በጣም ከፍ ማለት አለበት። እየለገምክ ነው» አልከው። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ስለነበር እማዬም እኔም ሰምተናል። እየለገምክ ነው! በአርባ ዓመት ሥራው ቀጣሪ ያላለውን፣ ጠላት ያላለውን፣ የወለደው ልጁ አለው። አባዬ ሳቅ ብሎ «እጨምራለሁ ልጄ» አለህ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ግን ሳቁ አልነበረም። በነጋታው ባለ ሃያ ሊትሮቹን ጀሪካኖች አወረደ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሃያ ደቂቃ ለፍተህ ያቃጠልከው የአንድ ሙዝ ያህል ነው አልከው። ላቡ በሸሚዙ ላይ ካርታ ሠርቶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያየሁትን ሰው! አባዬ ከዚያ ወዲህ ሙዝ አልበላም። እማዬ ገዝታ ስትመጣ ጠላቱን እንዳየ ሰው ፊቱን ያዞራል።

አሁን የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ። ዘጠኝ ሺህ እርምጃ ብለህ የጨፈርክበትን ቀን ታስታውሳለህ? «አባዬ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንክ! እንዲህ ነው እንጂ!» ያልክበትን? የዚያን ቀን አባዬ ከቤት አልወጣም። ማሰሪያው እጁን ልጦት ስለነበር ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ተወው። እማዬ ብርድ ልብሶቹን ልታጥብ ስትወርድ እንደ ቀልድ አጠለቀችው። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋውን በእግሮቿ መሃል አድርጋ፣ ከረፋድ እስከ ምሳ ስታሽ ዋለች። እጇ እንጂ እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ያን ቀን ያመሰገንከው አባትህን አልነበረም። በሳሙና ውሃ ላይ የተቀመጠችውን እናትህን ነበር። ስትደውል አባዬ እማዬን አየ፣ እማዬ ከንፈሯን ነከሰች፣ እኔ ሳቄን ለማፈን ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ልንነግርህ ስንል አባዬ በእጁ አስቆመን። «ዛሬ ደስ ብሎታል፤ አታበላሹበት» አለ። ተሳስተናል። የዚያኑ ዕለት ብንነግርህ ኖሮ፣ ተቀምጣ የምታጥብን ሴት ሯጭ ያለ ሰዓት፣ ደረጃ የሚወጣን ሰው ሰነፍ ቢል ምን ይገርማል ትል ነበር። ወይም አትልም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያንተ ወረቀት ደግሞ መብራት አለው።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረውን ነርስ በስም ባታውቃትም ስለ እሷ ሰምተሃል። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባዬን መታጠፊያው ላይ የደረጃውን ብረት ተደግፎ አገኘችው። ጀሪካኖቹን አስቀመጠች፣ ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አደረገች፣ የራሷን ሰዓት እያየች ቆጠረች። በአሥራ አምስት ሰከንድ አርባ ሦስት። በደቂቃ መቶ ሰባ ሁለት ማለት ነው። በዚያችው ቅጽበት ያንተ ሰዓት መቶ ሰባት ይል ነበር። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ እኔ ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ አባትሽ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ መሥራት የለባቸውም፤ ያ ሰዓትም የሚናገረው ልክ አይደለም» አለችኝ።

ያኔውኑ ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ነርሷ በጣት ነው የቆጠረችው አልክ። ጣት በምን ከመሣሪያ ይበልጣል አልክ። አረንጓዴው ብርሃን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያበራ፣ በስንት ሺህ ሰው ላይ እንደተሞከረ፣ አንተ ራስህ ለብሰኸው እንደምትሮጥ አስረዳኸኝ። እኔም አፌን ከፍቼ ሰማሁህ። እኔ! ሃያ ሁለት ዓመት ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምኖር ሴት! ካፖርት ላይ የለካሁት ደረት ደረት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትንፋሿን የያዘች ደንበኛ ወገቧ እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ሜትሩ ትክክል ሆኖ ልኩ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? የሰፋሁት ቀሚስ አልዘጋ ሲል ደንበኛዬን አካልሽ ተሳስቷል ብያት አላውቅም። አንተ ግን አባታችንን አካልህ ተሳስቷል አልከው፤ እኔም አመንኩህ። ወደ ነርሷ ወጥቼ «ወንድሜ ያውቃል» አልኳት። «እሺ እትዬ» ብላ በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አባዬ እሷ ሥራ የምትገባበትን ሰዓት እየጠበቀ ነበር የሚሠራው፤ እንዳታየው።

ረቡዕ ማታ ደግሞ የመጨረሻውን አመጣህ። የሥራ ባልደረቦችህ የአባቶቻቸውን ሰዓቶች ከአባዬ ሰዓት ጋር አገናኝተው የውድድር ደረጃ ያወጡ ኖሯል። «ከአሥራ አንድ ሰው አሥራ አንደኛ ወጥተሃል፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይበልጡሃል፤ እኔ እኮ አፈርኩ» አልከው። ቀልድ ነበር ትለኝ ይሆናል። አባዬ አልሳቀም። ራቱን ግማሽ ትቶ ተነሳ።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የአንዲት መምህርት ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። ስምንተኛው ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ጀሪካን ወደቀ። ከዚያ ኮቴው ጠፋ። ከማንም ጩኸት በፊት ውሃው ደረሰኝ፤ ደረጃውን ወርዶ በክፍሌ በር ሥር ገባና መሬት የነካውን የቀሚሱን ጫፍ አራሰው። ያን ውሃ ሳየው ሁሉን አወቅኩ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አባዬ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል መታጠፊያው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ እንደ አመድ፣ አንዱ እጁ ደረቱ ላይ። ሌላኛው እጁ የሁለተኛውን ጀሪካን እጀታ እንደጨበጠ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኩት። ሰዓቱ ከዓይኔ ፊት ነበር። መቶ አራት ይላል። ሰው እየሞተ መቶ አራት!

ነርሷ የዚያን ቀን ዕረፍት ላይ ስለነበረች ቤቷ ነበረች፤ ባትኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ ቃል ነበር የምጽፍልህ። ከቤቷ ሮጣ ወጥታ አፉ ላይ ክኒን አደረገችለት፣ መኪና አስቆመች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጭኗ ላይ አስተኝታው ሆስፒታል ደረስን። ለእኔ አንድም ጊዜ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ድንገተኛ ክፍሉ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ሞልተውበት፣ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አድርገውለት ሳለ እጁ ላይ አንድ ነገር ዝዝ አለ። ሰዓቱ ነው። እማዬ ደንግጣ ምንድን ነው አለች። ወጣቷ ሐኪም ጎንበስ ብላ አነበበችው፣ ከዚያ እኛን ማየት አፍራ አንገቷን ደፋች። «ብዙ ተቀመጡ፣ ተነስተው ትንሽ ይንቀሳቀሱ ነው የሚለው» አለችን። እማዬ ሰዓቱን ራሷ ፈታችው። እናታችን ስትሳደብ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት፤ ሰዓቱን ይሁን አንተን የሰደበችው ግን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ቀጥሎ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን ከእኔ ወገን ሆነህ አንብበው። ደወልኩልህ። አባዬ ወድቋል፣ ልቡ ነው፣ ሆስፒታል ነን አልኩህ። እያለቀሰ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩህ። ከዚያ «ሰዓቱ ስንት ይል ነበር?» አልከኝ። በሕይወት አለ ወይ አላልክም። ከአፍህ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አሁንም ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ይሰማኛል። ቁጥሩን በስልክህ አይተህ ደግሞ መቶ አራት ከሆነ ልብ ሊሆን አይችልም፣ ጨጓራ ይሆናል፣ ሐኪሟን አገናኚኝ አልክ።

አገናኘሁህ። ሐኪሟ በዕድሜ ከአንተ ታንሳለች፤ ትዕግሥቷ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። ብርሃኑ በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ነው የሚያየው አለችህ። ሰው ተቀምጦ ወይም ቀስ ብሎ ሲራመድ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይቆጥራል። ከባድ ነገር ጨብጦ፣ የእጁ አንጓ ታጥፎ፣ ጅማቱ ተወጥሮ፣ ላብ ገብቶበት፣ ማሰሪያው ሲንቀጠቀጥ ግን ምቱ ይጠፋበታል፤ አንዳንዴም የእግርን ኮቴ የልብ ምት ነው ብሎ ይቆጥራል። ሥራው ደግሞ አንድ ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ መሣሪያው ነቅቶ እስኪደርስበት ደቂቃዋ አልቃለች። «ለእግር ጉዞ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ለዚህ ግን ዳኛ ማድረግ አልነበረባችሁም» አለችህ። አንተ ግን አማካዩን እንይ እያልክ ቀጠልክ። ስልኩን መለሰችልኝና «ወንድምሽ ሲረጋጋ ይደውል» አለችኝ። በአንተ ፈንታ አፈርኩ። አባትህ ከአሥራ አንድ ሰው አሥራ አንደኛ ሲወጣ ካፈርከው ሦስት እጥፍ አፈርኩ።

የልቡ አንደኛው የደም ሥር ጠቦ ነበር። በቀጭን ቱቦ ገብተው ከፈቱለት፤ ስድስት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን ሐኪሟ ስትጠይቀው ደረቱን መጨምደድ ከጀመረው ሁለት ሳምንት ማለፉን አመነ። ሁለት ሳምንት! እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ስሰፋ! ሁሉም ሲወጡ ለምን ደበቅከን ብዬ ጮህኩበት፤ የታመመ ሰው ላይ ጮህኩ፣ ይቅር ይበለኝ። አባዬ ግድግዳውን እያየ «ከሰዓቱ በፊት ወንድምሽ በወር ስንት ጊዜ ይደውል ነበር?» አለኝ። አንድ ጊዜ አልኩት፣ ሲያስታውስ። «አሁንስ?» አለኝ። በየቀኑ አልኩት። «እና ባወልቀው ስለ ምን ያወራኛል?» አለኝ።

ወንድሜ፣ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ አንብበው። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት፣ እንዳይሰማ። አባዬ ደረጃውን ይወጣ የነበረው ለስኳሩ አልነበረም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ እንዲጮህለት ነበር። አንተ ደግሞ ደውለህ ትሰድበው ነበር፤ እሱ ግን ስድቡንም ወዶት ነበር፣ ያንተ ድምፅ ስለሆነ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ደወልክ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቅከው የሐኪም ወረቀቶቹን ፎቶ ነው። ከዚያ ሃያ ሦስት ቀን ዝም። ማታ ማታ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል። «ኔትወርክ ነው» ይላል። ማንም ሳይጠይቀው።

ቅዳሜ ደግሞ እሽግህ ደረሰ። አዲስ ሰዓት፣ ደረት ላይ ከሚታሰር ቀበቶ ጋር። በላዩም የአንተ ወረቀት፦ «ይሄኛው ችግሩን ይፈታል» የሚል። አውቃለሁ፣ ይሻላል። ሐኪሟም ደረት ላይ የሚታሰረው በከባድ ሥራ ጊዜ የተሻለ እንደሚቆጥር ነግራናለች። እኔ ከዕቃ ጋር ጠብ የለኝም። ግን አባትህ ምን እንዳደረገ ልንገርህ። ሳጥኑን እንዳየ፣ ማንም እሰረው ሳይለው፣ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። ደረቱን ሊሰጥህ። እማዬ ሳጥኑን ከእጄ ተቀብላ ክዳኑን ዘጋችው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ በላዩ ተቀመጠችበት። «ልጄ ካልደወለ አይደውል፤ ይህ ደረት ግን ከእንግዲህ ለማንም አይታሰርም» አለች። እስከ ማታ አልተነሳችም። ዛሬ ጠዋት በመጣበት መንገድ መልሰነዋል፤ ሲደርስህ ክዳኑ ቢሰነጠቅ ምክንያቱን አውቀኸዋል።

አሁን ሐኪሟ ያዘዘችውን ልንገርህ፤ ይህንንም መለኪያ ስለምትወድ ነው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢያችንን እየዞረ ግማሽ ሰዓት ይራመድ ብላለች። እንዴት መጠኑን እናውቃለን ብላት፣ እያወራ ይሂድ አለችኝ። ያለ ችግር ማውራት ከቻለ ልኩ ነው። ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ካቃተው በዝቷል፣ ይቀመጥ። ይኸው ነው።

ችግራችን የሚያወራው ሰው ነው። እማዬ በጉልበቷ መዞር አትችልም፣ እኔ ከማሽኑ ከተነሳሁ ሥራዬ ይቆማል፣ ነርሷ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ዘበኛው አብሮት ይዞራል፤ ግን አንተ በስድስት ዓመትህ የአባዬን የጠረጴዛ እግር እንዴት አሳጥረህ እንደቆረጥክ አራት ጊዜ ስለሰማ አሁን ሲያየው በር ሊከፍት ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ማግስት ጀምሮ በእኛ ሦስት ሰዓት ላይ ደውል። እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ራስህ አስላው፤ ቁጥር ትችል የለ? ስልኩን ኪሱ አድርጎ ይጠብቅሃል። የተጣመመ ሳንቃ እንዴት እንደሚቃና ጠይቀው። ስለ ልጅህ ንገረው። ቁጥር እንዳትጠይቀው፤ ብትጠይቀው ስልኩን ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ብቻ ትንፋሹን አድምጥ። ቃሉ ሲቆራረጥ ከሰማህ አንተ ወሬውን አቁምና «አባዬ ተቀመጥ» በለው። ይህን ማድረግ ካቃተህ ደግሞ አትደውል፤ ግን ያን ጊዜ ራስህን ልጁ ነኝ ብለህ እንዳታታልል።

ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት፤ ቁጣዬም ገና አልበረደም። ለማስታረቅ ብለህ ስጦታ እንዳትልክ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። ትንሿን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። እማዬ ሰላም በይው አላለችኝም። አብሮ የተላከውን ሹራብ ሠርታ የጨረሰችው ግን ሆስፒታል ወንበር ላይ ነው። «ለልጅቷ ነው፣ ለእሱ አይደለም» ብላለች፤ እንዳለችው ጻፍኩልህ። የሦስተኛ ፎቋ ነርስ ጤና ይስጥልኝ ብላሃለች፤ ከእኔ የተሻለች ሰው ናት። ዘበኛውም እባካችሁ ልጁ ይደውል ብሏል።

አባዬ ይህን ስጽፍ ማዶ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር። አሁን ዓይኑን ገልጦ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» አለኝ። ሰላምታ ነው አልኩት። «ይህን ሁሉ ወረቀት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው እኔንም ጨምሪኝ» አለኝ።

ጨምሬዋለሁ።

ታላቅ እህትህ

ከቤታችን፣ ሁለተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን